ምን ይጎድልዎታል?

ሰኔ 21

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ይታይሽ ናት። «ንግግርህ በዝቷል፤ ግማሹን እዚህ ላይ አራግፈውና የተረፈውን ለእኔ አምጣ» አለችኝ። ይታይሽ ፎቶኮፒ ቤታችን ውስጥ አብራኝ ትሠራለች። ምላሷ ምላጭ ነው፤ ግን ያለ እሷ ሱቁ ሦስት ቀን አይከፈትም።

ዛሬ የሚጻፍ ነገር አለኝ። ሥራውን አገኘነው! «የነገ ከተማ» የሚባለው ፕሮጀክት ከእኛ ከመካነ ሰላምና ከደጎሎ አንዳችንን ይመርጣል። ለተመረጠው ከተማ ፈጣን የኢንተርኔት መስመር ይገባለታል፤ ሥራ ፈጣሪ ወጣቶች ኮምፒውተር ከፍተው የሚሠሩበት አዳራሽ ይቆምለታል፤ በየሰፈሩ የፀሐይ መብራት ይተከልለታል። የሚመረጠው በዳታ ነው። በዘመድ አይደለም፣ በጩኸትም አይደለም። ቤት ለቤት ይጠየቃል፤ የበለጠ የሚጎድለው ከተማ ይወስዳል። የመካነ ሰላም ጠያቂ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ፋሩቅ፣ የ«መንገደኛ» ቴሌግራም ቻናል መሥራችና ባለቤት።

ደብተሩ ስለማያውቅ ልንገረው። «መንገደኛ» የትኛው ሚኒባስ መቼ ወደ ደሴ እንደሚወጣ፣ ስንት ወንበር እንደቀረው፣ የትኛው ሹፌር «አሁን ልንወጣ ነው» ብሎ ሁለት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ ይናገራል። ኔትወርክ ባለበት ቀን ከተማው በሙሉ ይመርቀኛል። በሌለበት ቀን ያው ሕዝብ መናኸሪያ ቆሞ ይራገመኛል። ስለዚህ መስመሩ ቢገባ አንደኛው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ አልደብቅም።

ማታ ለፈይዛ በኢሞ ነገርኳት። ፈይዛ ሚስቴ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ደስታዋን በጩኸት ነው የገለጸችው። ከዚያ እንደ ሁልጊዜዋ «ሌላስ? ምን ጎደለህ?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም።»

ሰኔ 24

ሥልጠና በስልክ። የፕሮጀክቱ የዳታ ባለሙያ ወይዘሪት በዛች አዲስ አበባ ሆና ሦስት ሰዓት ሙሉ አሠለጠነችን፤ ከሦስቱ አንዱን ሰዓት «ይሰማል? ይሰማል?» ስንባባል አሳለፍነው። ትእዛዟ አጭር ነው፤ ጥያቄውን እንዳለ አንብቡ፣ መልሱን እንዳለ ጻፉ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ። የሁሉም ቁልፍ ጥያቄ 14 ናት፤ «ቤተሰብዎ ምን ይጎድለዋል?»

ይህች ናት ከባድ ጥያቄ? ስል ሳቅኩ።

ማታ ፈይዛ ሌላ ወሬ አመጣች። ውሏ ነሐሴ ላይ ያልቃል። አሠሪዋ ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለቻት ነው። «ምን ትላለህ?»

«አንቺ እንዳሻሽ። እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው።»

ወዲያው ደውዬ ይህን ለይታይሽ ብነግራት «እኛ ማለት ማንና ማን ነው? አንተና ድመቷ?» አለችኝ። ሰውን መጫን ጥሩ አይደለም ብዬ መለስኩላት። የፈይዛ ሕይወት የፈይዛ ነው። ይህን እዚህም ላይ አሰምርበታለሁ።

ሰኔ 27

የመጀመሪያ ቀን። ግማሹን ከተማ ይታይሽ ይዛለች፤ የእኔ ድርሻ ሃያ ሁለት ቤት፣ አሥራ አንድ ሻይ፣ ሦስት ዓይነት ቆሎ፣ አንድ ሙሉ ዳቦ። «ሳትቀምስ አትጠይቀኝ» የማይል ቤት የለም። ቅጹን የምሞላበት ታብሌት ቅቤ በቅቤ ሆኗል።

ሥራው ግን እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከሃያ ሁለቱ ቤት ሃያ አንዱ ለጥያቄ 14 «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አይጎድለንም» ወይም «ተመስገን፣ ምን ይጎድለናል» አሉ። አንደኛው ቤት ውስጥ ያገኘሁት ሰውዬ መስማት የተሳናቸው ነበሩ።

ክረምቱ ገብቷል። ቀኝ ጫማዬ ከሥር ተሰንጥቆ ጭቃውን እየጠጣ ነው። ፈይዛ በቪዲዮ አይታው «ጫማህ ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ደህና ነው፣ ጥላ ነው» አልኳት።

ሐምሌ 1

ዝናብ። አሥራ ስድስት ቤት። ሁሉም ደህና። እግሬ ደህና አይደለም። ተኛሁ።

ሐምሌ 4

የዛሬዎቹን ሦስት ቤቶች መርሳት አልችልም።

አንደኛው ቤት፣ ሰውዬው ሁለት ስልክ በሲባጎ መስኮቱ ላይ አንጠልጥለዋል። ኔትወርክ የሚመጣው እዚያ መስኮት ላይ ብቻ ነው፤ ስልክ ሲጠራ ወንበር ላይ ወጥተው አንገታቸውን ወደ ውጭ አስግገው ያወራሉ። «የኔትወርክ ችግር አለብዎት?» ብዬ አነበብኩላቸው። «ማሻአላህ፣ ምን ችግር አለ! ይኸው መስኮቴ ድረስ ይመጣልኛል እኮ» አሉኝ።

ሁለተኛው ቤት፣ አባወራው በጨለማ ቦይ ውስጥ ወድቆ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል። የመንገድ መብራት? «ተመስገን፣ ጨረቃ አለች።»

ሦስተኛው ከእኛ ሰፈር መንገድ ማዶ ያለው የፋጢማ ቤት ነው። ጣሪያው ያፈሳል። አራት ሳፋ ወለሉ ላይ ተደርድሯል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እኔና እሷ በሳፋዎቹ መካከል ተቀምጠን «ቤቱስ?» አልኳት። «ቤቱ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለችና አንዱን ሳፋ በእግሯ ገፋ አድርጋ እኔ ላይ የሚንጠባጠበውን ቀለበችልኝ።

ምን ልጻፍ? የተባለውን ጻፍኩ። መልሱን እንዳለ ተብያለሁ።

ሐምሌ 6

የኔ ሰፈር ተራ። የግቢያችንን ካብ የምንጋራው እትዬ በለጡ ጥያቄውን ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን አነሡ። «እኔስ ተመስገን፣ አንድ ነገር አልጎደለኝም። የፋጢማን ጣሪያ ግን ጻፍላት፤ ሲዘንብ ሲዘንብ ልጆቿን አንድ ጥግ ላይ ነው የምትሰበስባቸው። ያ ዘወትር በሩ ላይ የሚቀመጠው ሽማግሌም መብራት የለውም፤ በጨለማ መስጊድ ሲሄድ አንድ ቀን ይሰበራል፣ ወላሂ።» እትዬ በለጡ ክርስቲያን ናቸው፤ ወላሂ ሳይሉ ግን አንድ ወሬ አይጨርሱም።

«እትዬ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ እርስዎ ቤት ነው።»

«ነገርኩህ እኮ፣ እኔ ደህና ነኝ። አንተ ደግሞ ስትከሳ...»

ታብሌቱን ዘግቼ አመስግኜ ወጣሁ። በየቤቱ እንዲሁ ነው፤ የራሳቸውን ሲጨርሱ የጎረቤት ሐሜት ይጀምራሉ። ሐሜት የሚሞላበት ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

ሐምሌ 10

ፈይዛ። «አሰብክበት ወይ?»

«ስለ ምን?»

«ስለ ውሉ።»

«አንቺ ደስ ያለሽን አድርጊ። እዚህ የሚጎድል ነገር የለም፣ አብሽሪ።»

«እሺ» አለች። እሺታዋ አጠረብኝ። ደክሟት ይሆናል።

ሐምሌ 15

ጨረስን! ስምንት መቶ አርባ ቤት። አንድም ቤት አልዘለልንም፣ አንድም ቤት አላባረረን። ይታይሽ የመጨረሻውን ስትልክ ስልኳን ወደ ሰማይ አንሥታ ሁለቴ ዞረች፤ ሄደ። ለስላሳ ጠጣን። መስመሩ ሲገባ «መንገደኛ» ከሚኒባስ አልፎ የአጅባርን ገበያ የእህል ዋጋም ይናገራል አልኳት። ወደፊት ማንም ሰው አህያ ጭኖ ከሄደ በኋላ ዋጋ ወርዶ አያገኝም። ወደፊት የገበሬው ኪስ ውስጥ ገበያው አለ። ወደፊት...

«ወደፊት ጫማ ግዛ» አለችኝ።

ሐምሌ 22

ጉድ ፈላ።

በዛች ደወለች። በሳቅ ነው የጀመረችው። «አቶ ፋሩቅ፣ እኔ ራሴ እዚያ ቤት ልፈልግ ነው። ከሕዝባችሁ ዘጠና ስድስት በመቶው ምንም አይጎድለውም!»

እኔም ሳቅኩ።

«በዚህ ቁጥር ከሄድን ደጎሎ ነው የሚወስደው» አለች። መሳቄን አቆምኩ።

ከተማዬን ጠይቄ ጠይቄ ከውድድር አወጣኋት ማለት ነው። ቅጹን እንዳለ አነበብኩ፣ መልሱን እንዳለ ጻፍኩ፣ ከራሴ አልጨመርኩም። ታዲያ ጥፋቴ የት ላይ ነው? አራት ሳፋ መካከል ተቀምጬ «ቤቱ ደህና ነው» ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ! አፈርኩ። ከእንግዲህ የፋጢማን በር በምን ዓይኔ አያለሁ?

በዛችን ለምኜ ጊዜ አገኘሁ። እስከ ነሐሴ 7።

ሐምሌ 23

ይታይሽ ደጎሎ የአክስት ልጅ አላት፤ ደውላ ጉዳዩን አጣራች። ደጎሎዎች ቅጹን የሞሉት የእድር ስብሰባ ላይ ነው፤ የአባላቱን ስም በየቤታቸው እየጠሩ። «በስብሰባ ላይ የማያማርር ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እነሱም እኛም አንድ ሕዝብ ነን። የወሎ ሰው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሲናገር ምድር ይጠብበዋል፤ ቤቱ የመጣ እንግዳ ግን ምን ጎደለህ ቢለው ገመናውን አይገልጥም። ጉድለትን መቁጠር የሰጠውን አላህ ማማት ነው። እንግዳንም ማሳቀቅ ነው፤ ዳቦ እያጎረስከው እንዴት ደኸየሁ ትለዋለህ?

«ሆድ ይፍጀው ነው እንግዲህ። ዝም አይነቅዝም» አልኳት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለችና ታብሌቱን ቀምታኝ ረጅም ጊዜ አገላበጠች። ከዚያ ቀና አለች። «እትዬ በለጡ ያሉህን የት ጻፍከው?»

«የቱን?»

«የፋጢማን ጣሪያ። የሽማግሌውን መብራት።»

«እሱ ሐሜት ነው።»

«ፋሩቅ፣ ዳታው እሱ ነው!»

ለራስ መለመን ነውር ነው፤ ለጎረቤት መለመን ግን ጽድቅ ነው። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ታብሌት ስለያዝኩ ረሳሁት መሰለኝ። ለበዛች ደወልን። «ዘዴው በመጽሐፍ የለም» አለች፤ ቀጥላም «ይሞከር። ስም አትጻፉ፣ የቤት ቁጥር ብቻ» አለች። አዲሷ ጥያቄ 14 እንዲህ ትላለች፤ «ጎረቤትዎ ምን ይጎድለዋል?»

ሐምሌ 26

ያረቢ!

ከአንድ ቤት አርባ አንድ መስመር። እጄ ዛለ። ባለ መስኮቱ ሰውዬ የሰፈሩን ኔትወርክ ቤት በቤት ዘረዘሩልኝ፤ የት ቆመህ እንደሚይዝ፣ ማን ልጁ ከሪያድ ሲደውል ሳይሰማ እንደቀረ፣ የትኛዋ ተማሪ የፈተና ውጤቷን ለማየት ኮረብታ እንደወጣች። ቦይ የወደቀው አባወራ ስለ ራሱ እግር አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ግን ጨለማ መንገድ ላይ የወደቁ ሰባት ሰዎችን ከነቀናቸው ነገረኝ። ፋጢማ ለእትዬ በለጡ ተከራከረች፤ «ዓይናቸው ደክሟል፣ ደግሞ አይናገሩም፣ ኩሩ ናቸው፣ ጻፍ!»

አሁን ሻይ ሳይቀርብልኝ ነው መልስ የሚጀምሩት።

ሐምሌ 30

ሦስት መቶ ቤት። ጫማዬ አፉን ከፍቷል። በፌስታል ጠቅልዬ ነው የምዞረው። ይታይሽ ሳትስቅ ቀርታ አታውቅም።

የኔን ሰፈር እሷ ትሥራው። «አንተ ካለህ አይናገሩም» ትላለች። የሚናገሩት ምን ኖሯቸው ነው?

ነሐሴ 6

ፈይዛ ደወለች። አሠሪዋ ሐሙስ ታስፈርማታለች።

«ደህና ከሆንክ፣ የሚጎድልህ ከሌለ፣ ብፈርም ይሻላል አይደል?» አለችኝ።

«እንዳሻሽ» አልኳት።

ዝም አለች። ኔትወርኩ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ፤ ካቡ ላይ ቆሜ ስልኩን ከፍ አደረግኩት። ኔትወርኩ አልነበረም።

ራት አላሰኘኝም። ሥራው በዝቶብኝ ነው።

ነሐሴ 7

ሁሉም ገባ። አንድ የቀረኝ የራሴን ሰፈር ፋይል ማየት ነው። ነገ አየዋለሁ። በዛች አንድ ቀን ጨመረችልን።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

ይህን ሳላድር ልጻፈው።

ረፋድ ላይ ሱቅ ቁጭ ብዬ ይታይሽ የሞላችውን እያገላበጥኩ ነበር። ቤት ቁጥር 117 ጋ ደረስኩ። ስም የለም፤ የቤት ቁጥር ብቻ። ግን 118 የኔ ቤት ነው። 117 ደግሞ እትዬ በለጡ ናቸው።

መልሱ እንዳለ ይኸውና፦

«118 ሚስቱ ትጎድለዋለች። ሲጠይቁት ደህና ነኝ ይላል። ማታ ማታ ካቡ ላይ ወጥቶ ስልክ ያወራል፤ ምንም አልጎደለኝም ሲላት በጆሮዬ እሰማለሁ። ወርዶ ግን ራቱን አይበላም። ለድመቷ ይሰጣታል። ከስቷል። ጫማው ተቀዷል። ልጁ መልካም ነው፤ አፍ ግን የለውም።»

ከሥር «ቅድሚያ የሚሰጠው» የሚል ሳጥን አለ። ይታይሽ እንዲህ ሞልታዋለች፦ «1ኛ ሚስቱ፣ 2ኛ ጫማው።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ማንበብ አቃተኝ። ይታይሽ ወረቀት ለመግዛት ብላ ወጣች፤ ወረቀት ሞልቶ ነበር።

ስምንት መቶ አርባ ቤት ዞረን «ደህና ነን» ሲሉን የታዘብኩ ሰው ነኝ እኮ። ደህና ነኝ ያለ ከተማ መስመሩ ለሌላ ይሄድበታል ብዬ በዛችን የለመንኩ እኔ ነኝ። ፈይዛን አራት ዓመት ሙሉ ምን ስላት ኖርኩ? እውነቱን ልናገር፤ መጫን አይደለም። ፈራሁ። ናፈቅሽኝ ብዬ አስቀርቻት፣ ብትመጣ፣ ያው ጭቃ፣ ያው ሱቅ፣ ያው ካብ ላይ የሚወጣ ሰው ሆኜ ብታገኘኝስ? መስመሩ ይግባ፣ መብራቱ ይተከል፣ «መንገደኛ» ይደግ፣ ከዚያ እጠራታለሁ እያልኩ ነበር። ከተማ አሳምሬ ልቀበላት። እሷ ግን ከተማ መች ጠየቀችኝ?

ነገ ሐሙስ ነው።

ሱቁን ክፍቱን ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ካቡ ላይ ወጣሁ። በቀትር፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ደወልኩ፤ አታነሣም፣ ሥራ ላይ ናት። ድምፅ መቅጃውን ተጫንኩና «ፈይዛ» አልኩ። ደግሜ በሹክሹክታ «ፈይዛ» አልኩ።

«ጮክ በል! ጅዳ እኮ ሩቅ ናት!» አሉ እትዬ በለጡ ከግቢያቸው፣ እርጥብ ልብስ እያሰጡ።

«ፈይዛ፣ ትጎድይኛለሽ» አልኩ። «ደህና አይደለሁም። ከሄድሽ ጀምሮ ደህና ሆኜ አላውቅም። አትፈርሚ። ነይ።»

ላክሁት። አልሄደም። ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ወደ ቀኝ ብል፣ ወደ ግራ ብል፣ በአንድ እግሬ ብቆም እምቢ አለ። እትዬ በለጡ ልብሳቸውን አወረዱና የማስጫውን እንጨት ነቅለው አቀበሉኝ። ስልኩን በነጠላቸው ጥለት ጫፉ ላይ አሰርነውና ሁለታችን ይዘን ወደ ሰማይ ሰቀልነው። ፋጢማ ከበሯ ወጥታ «ወደ መስጊዱ አዙሩት!» ትላለች። አዞርነው።

ስናወርደው ሄዷል።

ነሐሴ 9

ሐሙስ።

ጠዋት ምንም።

ስምንት ሰዓት። አልሰማችውም።

አሥር ሰዓት። ሰምታዋለች። መልስ የለም።

ይታይሽ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። እንዲህ ስትሆን ነው የምፈራው።

ነሐሴ 10

ሌሊቱን የመጣ ድምፅ ነው። ጠዋት ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ አገኘሁት። እንዳለ እጽፈዋለሁ፦

«አንተ ደረቅ! ይህን እንድትለኝ አራት ዓመት ሙሉ ምን ጎደለህ እያልኩ ስጠይቅህ! ትናንት እስኪርቢቶውን ይዤ ነበር፣ ፋሩቅ። እንባዬ ሲወርድ ሴትየዋ ደነገጠች። አልፈረምኩም። ደግሞ ያቺ ጅዳ ሩቅ ናት የምትለው ማን ናት? ሳምልኝ።»

ሄጄ እትዬ በለጡን ሁለቱን ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። «እኔ ምን አደረግሁ፣ አብሽር» አሉና ለማልቀስ ወደ ውስጥ ገቡ።

ጳጉሜ 2

ደብተሩን ረስቼው ነበር። ደስታ አያስጽፍም መሰለኝ።

የፕሮጀክቱ ውሳኔ ለጥቅምት ተላልፏል። በዛች አዲሷን ጥያቄ 14 ደጎሎም እንዲሞላት አድርጋለች፤ ስለዚህ እንደገና እኩል ነን። ደጎሎዎች ስለ ጎረቤት ሲጠየቁ ከእኛ እንደሚብሱ ይታይሽ ከአሁኑ አስጠንቅቃኛለች። ቢወስዱትም እንግዲህ ወንድሞቻችን ናቸው። ትንሽ ግን እበሳጫለሁ።

እኛ ጥቅምትን ቁጭ ብለን አልጠበቅንም። «መንገደኛ» ላይ «ጎረቤት» የሚል ክፍል ከፈትን። ስም የለም። «እዚህ ሰፈር አንድ ቤት ቆርቆሮ ይጎድለዋል» ይላል፤ ከሰዓት በኋላ «እኔ ጋ የተረፈ አራት ቆርቆሮ አለ» የሚል ይመጣል። የፋጢማ ጣሪያ ቅዳሜ ዕለት ተመታ። ሳፋዎቿ አሁን ለልብስ ማጠቢያ ሆነዋል። ስለ ነገ ከተማ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ቆርቆሮ ተሸክማ ትመጣለች የሚል የትም አላገኘሁም።

ፈይዛ በመስከረም አጋማሽ ትገባለች። ዛሬ ማታ ሻንጣ እያዘጋጀች ደወለች። እኔ ካቡ ላይ ነኝ፤ እትዬ በለጡ በራቸው ላይ ናቸው፤ መስማታቸውን አውቃለሁ።

«ምን ላምጣልህ? ምን ጎደለህ?»

«ምን...» ብዬ ጀመርኩ። እትዬ በለጡ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ጫማ» አልኳት። «ቁጥር አርባ አንድ። የቀኙ ከሥሩ አልቋል።»